ቡጢኛው ፋንታና የሁዳዴው ጥብስ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል። እኔ አካለ ወልድ ሞጣ ላይ ጨውና አቡጀዲ እየሸጥኩ የኖርኩት በዚህች ተረት ነው። በደርግ ጊዜ ነጋዴ ሆኖ የማይጠረጥር ካለ ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ የሚጠረጠረው እሱ ራሱ ነው። ቀበሌውን ጠርጥሬአለሁ፣ ጎረቤቴን ጠርጥሬአለሁ፤ ከሁሉ አብልጬ ግን ቡጢኛውን ፋንታን ጠረጠርኩ።

ፋንታ የብቸና ልጅ ነው። አባቴ መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ዘንድ ዜማ ሊማር ሞጣ ሲመጣ ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ በበራችን ግን ጎንበስ ሳይል አይገባም። ቁራሽ ለምኖ የሚያድር ተማሪ እንዲህ አይገዝፍም፤ በድብቅ የሚቀልበው ሰው አለ ብዬ ያኔውኑ ጠረጠርኩ። ለካ የምትቀልበው እህቴ ሀብትነሽ ኖራለች፣ ያውም ከእኔ ራት እየቀነሰች።

በ1969 ዓ.ም. ለሚሊሺያ ተመልምሎ ሄደ። ማሠልጠኛው ውስጥ አንድ መኮንን የክንዱን ውፍረት አይቶ ከጦር ክፍሉ የቦክስ ቡድን ቀላቀለው። ከዚያ ወዲያ የፋንታ እንጀራ መምታትና መመታት ሆነ። የሚጋጠመው በከባድ ሚዛን ነው፤ ለዚያ ደግሞ ከሰማንያ አንድ ኪሎ በላይ መመዘን ግድ ነው። አሥራ አንድ ሰው አሸነፈ፣ በሁለት ተሸነፈ፣ ግራ ጆሮው ተጨማድዶ ቀረ።

በ1971 ጥር ላይ ለዕረፍት መጣና ሽማግሌ ላከ፤ ሀብትነሽን በቁርባን ላግባ አለ። አባቴ በደስታ ተቀበሉ፣ ሠርጉም ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ካድሬ ሃይማኖትን እያጣጣለ በሚያስተምርበት ካምፕ የሚኖር ወታደር ቁርባን ምን ያደርግለታል? በሰንበቴ ማን ምን እንደሚያወራ ሊለቅም የተላከ ቢሆንስ? ቤታችን በገባ ቁጥር የውጭ ጣቢያ የምሰማበትን ሬዲዮ እዘጋ ነበር። አንድ ቀን «ምን ስትሰማ ነበር?» አለኝ። «ዜና» አልኩት። «የየት አገሩን ዜና?» ብሎ ሳቀ። በነጋታው ሬዲዮኑን ከአልጋዬ ሥር ደበቅኩት።

ሁዳዴ ተጋምሶ ሳለ ዕቃ ላመጣ ደጀን ሄድኩ። ከአንድ ምግብ ቤት በር የጦር ሠራዊት አውቶቡስ ቆሟል። የቦክስ ቡድኑ ማርቆስ ላይ ተጋጥሞ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ምሳ ላይ ነው። በመስኮት አየሁ። ቡጢኞቹ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተደርድረዋል፤ አሠልጣኙ ከኋላቸው ወዲያ ወዲህ ይላል። ከፋንታ ፊት ጥብስ የሞላ ሳህን ተቀምጧል። በሁዳዴ! እውነቱን ልናገርና፣ አላዘንኩም፤ ደስ አለኝ። ጥርጣሬዬ ልክ ሆነልኝ። እንዳያየኝ ፈጥኜ ሄድኩ።

ለአባቴ ነገርኳቸው።

«በዓይንህ አየህ?» አሉኝ።

«በዓይኔ በብረቱ» አልኩ።

አባቴም ለሽማግሌዎቹ «በሁዳዴ ሥጋ ለሚበላ የምሰጠው ልጅ የለኝም» ብለው መለሱ። በዓመቱ ሀብትነሽን ለአንድ ዲያቆን ዳሯት። ፋንታ ከቡድኑ ተቀንሶ ወደ ሰሜን ግንባር መላኩን ሰማን፤ ከራሱ ግን ቃል አልመጣም። «አዩ፣ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ይጽፍ ነበር» አልኳቸው አባቴን።

በ1975 ለንግድ ብቸና ስገባ ፋንታን አንድ ወፍጮ ቤት ሲሠራ አገኘሁት። ትከሻው ቆስሎ ከሠራዊቱ ተሰናብቷል። ዱቄት እንደለበሰ አቀፈኝና አግዳሚ ላይ አስቀመጠኝ፤ የአባቴን ደህንነት ሦስት ጊዜ ጠየቀ። ከዚያ ወሬው ሁሉ ወደዚያው ወደ ሁዳዴው ሄደ።

«ፈረደ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ» አለ። «ገበታ ላይ አጠገቤ ነው የሚቀመጠው። ምግቡን ያልጨረሰ ሰው ካድሬው ዘንድ በጾመኛነት ይከሰሳል። እናም አሠልጣኙ ዞር ሲል ሥጋዬን ፈረደ ይበላልኛል። እሱ ወፈረ፣ እኔ ከሳሁ። ሚዛን ላይ ስወጣ ሰባ ስምንት ሆኜ ተገኘሁ። በእኔ ቦታ እሱን አሰለፉት፣ እኔን ወደ ሰሜን ጫኑኝ።»

«ታዲያ ለአባቴ ለምን አልጻፍክም?»

«ደብዳቤያችንን መጀመሪያ የሚያነበው ካድሬው አይደል? ‹እየጾምኩ ነው› ብዬ ልጻፍ?» አለና መሬት መሬቱን አየ። «ቦታዬን መውሰዱ ሳያንሰው ያን ወሬ ሞጣ ያደረሰው ፈረደ ነው። ከቡድኑ ውስጥ ስለ ሀብትነሽ ከእሱ በቀር ማን ያውቃል? ሁለት ጊዜ እዚህ ድረስ ሊጠይቀኝ መጣ፤ በሬን አልከፈትኩለትም።»

ሚስት አሳጣሁት፤ ይባስ ብሎ አሁን ጓደኛም ላሳጣው ነው።

«ፈረደ አይደለም» አልኩት። «እኔ ነኝ። ደጀን ላይ በመስኮት አይቼህ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። በቡጢ ቢለኝ እፎይ ባልኩ ነበር።

«ስበላ አየኸኝ?»

«ሳህኑን አየሁ።»

ተነስቶ ወፍጮው ላይ እህል ጨመረና ተመለሰ። «ለሀብትነሽ ንገራት» አለኝ በመጨረሻ።

«ባል አላት፣ ፋንታ። ሁለት ልጆችም ወልዳለች።»

«ትዳሯን ትፍታ አላልኩም። ጾም የገደፈ ሰው አድርጋ እንዳታስበኝ ብቻ ንገራት።»

ሞጣ እንደገባሁ በቀጥታ እህቴ ቤት ሄድኩ። ሀብትነሽ ምስር ትለቅማለች። ከደጀን እስከ ብቸና ያለውን አንድ ሳላስቀር፣ እያፈርኩ ነገርኳት። ቀና አላለችም።

«እኔ መች አመንኩና» አለች። «ያመናችሁት እናንተ ናችሁ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?»