ሊፍት የገዛው የጎልፍ መኪና

የሆስፒታሉ አሳንሰር ከቆመ ብዙ ዘመኑ ነው፤ በቆመበት ዓመት የተወለዱ ልጆች ዛሬ ትምህርት ቤት ገብተዋል። በሩ ላይ «በጥገና ላይ» የሚል ወረቀት አለ። ወረቀቱ ራሱ ቢጫ ሆኖ፣ ጫፍ ጫፉ ተቀዶ ጥገና ይፈልጋል። እግሩ የከዳውንም፣ ትንፋሽ ያጠረውንም፣ ትናንት የተሰፋውንም ሦስተኛ ፎቅ የሚያወጣው እንግዲህ አንድ ሰው ነው፤ በጀርባው። የቅጥር ደብዳቤው ላይ «የበሽተኛ አመላላሽ» ይለዋል። ሰው የሚጠራው ግን ሊፍት እያለ ነው።

«ሊፍት የት ሄደ?»

«ሊፍት ምሳ ላይ ነው፤ ደረጃውን ሞክሩት።»

እሱም አብሮ ይስቃል። ደመወዙ ከሳቁ ጋር ነው የተዋዋለው።

ሚስቱ ኩላሊቷ ከደከመ ወዲህ በሳምንት ሁለቴ እዚያው ሆስፒታል ደሟ በማሽን ይታጠባል። ቤታቸው ከሆስፒታሉ ሥር፣ ጉድባው ውስጥ ነው፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀና ያለ ሰው የእጥበት ክፍሉን መስኮቶች ያያል። ከቤቱ እስከዚያ ያለው መንገድ ግን ጎርፍ የቦረቦረው፣ ሁለት ሰው በግድ የሚተላለፍበት ዳገት ነው። «ለምን ታክሲ አይዙም?» የምትል አንተ፣ ና ግባና ያዝ! ታክሲው ከላይ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ጥሩምባ ይነፋል እንጂ አይወርድላትም። በጎማ ወንበር ተሞክሯል፤ የፊት ጎማው ቦይ ውስጥ ተሰንቅሮ ሴትዮዋን በግንባሯ ደፋት። የሆስፒታሉ አምቡላንስስ? እሱማ ሥራ አለበት፤ የአስተዳዳሪውን ልጆች ትምህርት ቤት ያደርሳል።

ስለዚህ ሊፍት ቀን የሰው በሽተኛ፣ በእጥበት ቀን ደግሞ የራሱን ይሸከማል። አንድ ጠዋት ዳገቱ ላይ ወገቡ ቋ አለ። የአጥንት ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ መብራት አንስቶ አየና፣ «ሸክም በቃህ፤ አለዚያ አንተም ትተኛለህ» አለው።

«እና እሷን ማን ይሸከማት?»

«እሱ የኔ ክፍል አይደለም» አለ ሐኪሙ።

ከከተማው ወጣ ብሎ የጎልፍ ክበብ አለ። እግራቸው ደህና፣ ወገባቸው ደህና የሆነ ሰዎች ኳስ ይመቱና ኳሷ ወደወደቀችበት በመኪና ይሄዳሉ፤ ወርደው ይመቷታል፣ ደግሞ ይሳፈራሉ። ይህ ስፖርት ነው። ክበቡ አዳዲስ መኪኖች አስመጥቶ አሮጌዎቹን ሊሸጥ መሆኑን ለሊፍት የነገረው የክበቡ ዘበኛ ነው፤ ሊፍት የዘበኛውን እናት ሦስተኛ ፎቅ አውጥቶለት ያውቃል። የሚስቱ የስፌት መኪና ተሸጠ። ሽጠው ያለችውም እሷው ናት።

ሊፍት ገበያ የወጣው እንደ ሞኝ አይደለም። የመንገዱን ጠባብ ቦታ በመጥረጊያ እንጨት ለካ፣ እንጨቱን በልኩ ቆረጠ፣ በብብቱ ሸጉጦ ከሚስቱ ወንድም ጋር ወደ ክበቡ ሄደ። አማቹ በፒካፕ አትክልት የሚያከፋፍል ሾፌር ነው። የክበቡ ሥራ አስኪያጅ ሊፍት እንጨቱን በመኪናው ወርድ ሲዘረጋ አይቶ፣ «ጨርቅ ልትገዛ ነው እንዴ የመጣኸው?» አለና ሳቀ።

መኪናው ከእንጨቱ አነሰ። ያልፋል! ሊፍት መቀመጫው ላይ ጋደም ብሎ ሞከረ፤ ሲደክማት ትተኛበታለች። መያዣውን ነቀነቀ። አማቹን አሳፍሮ የሣሩን ኮረብታ ወጣበት፤ መኪናው ድምፅ ሳያሰማ እንደ ድመት ወጣ። አጋማሹ ላይ ፍሬን ይዞ አቆመው፤ ቆመ። መቀመጫውን ገልብጠው ባትሪዎቹን አዩ። ከባትሪዎቹ አጠገብ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ነበረች፤ ከላይዋ በማያነቡት ቋንቋ ጽሑፍ ተለጥፏል።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለ አማቹ።

«የመብራቱ ትሆናለች» አለ ሊፍት፤ መቀመጫውንም ከደነው።

ዘመኑን ሁሉ እነዚያን መኪኖች ቻርጅ ሲያደርግ የኖረው ሠራተኛ ከአንድ ዛፍ ሥር ምሳውን እየበላ ያያቸዋል።

«ተስማማችሁ? በሉ ዛሬውኑ አንሱልኝ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «አዲሶቹ ማደሪያ የላቸውም።»

ባትሪው ቤት ድረስ አያደርስም። አማቹ ከፒካፑ ገመድ አወጣ። «ኒውትራል ላይ አድርገውና መሪህን ያዝ ጋሼ። የቀረውን ለኔ ተው።»

«ቀስ በል ታዲያ።»

«አሁን ከመቼው አረጀህ! ስንቱን የሞተ መኪና ጎትቼ ያስገባሁ ሰው ነኝ።»

ሊፍት በጉተታ ሄደ። እውነት ለመናገር ደስ ብሎታል፤ በሕይወቱ እሱን ሌላ ነገር ሲሸከመው ይህ የመጀመሪያው ነው። አማቹ አስፋልት ሲያገኝ ነዳጁን ረገጠው። ሊፍትን የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ነገር ሸተተው፤ የፒካፑ ፍሬን መሰለውና ዝም አለ።

ከላይ፣ ከመንገዱ አፍ ላይ ገመዱን ፈትተው ፔዳሉን ሲረግጥ መኪናው ጭጭ። ደግሞ ረገጠ። ጭጭ።

«ባትሪ ነው» አለ አማቹ።

ቁልቁለት ሞተር አይጠይቅምና ፍሬን እየያዙ አወረዱት። ጎረቤት ወጣ። ሚስቱ በሩን ተደግፋ እያየች፣ «አምሮብሃል፤ ሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲህ አልመጣህም» አለችው። መኪናው ሌሊቱን አብሮት በተሰጠው ቻርጀር ላይ አደረ። ጠዋት ያው ነው።

ሊፍት ከዘበኛው የስልክ ቁጥር ተቀብሎ ለቻርጅ ሠራተኛው ደወለ።

«ስትጎትቱት መቀመጫው ሥር ያለችውን ማብሪያ አዞራችኋል?»

«የቷን? ኒውትራል ላይ ነበር እኮ!»

«የናፍጣ መኪና መሰለህ? ጎማው ሲዞር ሞተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ ይሠራል። ማብሪያዋ ካልጠፋች መቆጣጠሪያውን ያነደዋል። ተቃጥሏል በቃ። እሱን ከመግዛት ሌላ መኪና ይሻልሃል።»

«ገመድ ስናስር እያየኸን ነበር!»

«ምሳ ላይ ነበርኩ ወንድሜ። ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ከገዢ ጋር አታውራ ብሎኛል።»

አያችሁ? ሁሉም በየክፍሉ ተቀምጧል፤ ሐኪሙ በክፍሉ፣ ምሳ በይውም በዛፉ ሥር። ሊፍትስ ቢሆን አፍ አልነበረውም? መንገድ በእንጨት ለክቶ የመጣ ሰው፣ «ወንድም፣ ይቺ ምንድን ናት?» ማለት እንዴት ይከብደዋል? ከሥራ አስኪያጁ ሳቅ በኋላ ሁለተኛ መሳቂያ መሆን ፈርቶ ነው። ሲሳቅበት የኖረ ሰው አንዲት ሳቅ ፈራ!

በእጥበቱ ቀን ሚስቱ የክት ቀሚሷን ለብሳ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ ጠበቀችው። «ግፉኝ፤ ቃል ተገብቶልኛል» አለች። አማቹና ጎረቤቶች ተረባርበው ገፏት። አጋማሹ ላይ፣ መንገዱ ትንሽ ሰፋ የሚልበት ጋ፣ ጉልበታቸው አለቀ። ከጎማው ኋላ ድንጋይ ወሸቁና ሰዎቹ ወደየሥራቸው ሮጡ። የቀረውን አማቹ ተሸከማት። አንድ ሰሞን እየመጣ ተሸከመ። ከዚያ አትክልቱ በጠዋት መድረስ ነበረበት።

መኪናውን ከዚያ ያነሳው የለም። ማረፊያ ሆነ። ሊፍት እስከዚያ ይሸከማትና መቀመጫው ላይ ያሳርፋታል፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ትንፋሹን ይሰበስባል፤ ከዚያ የቀረውን ይያያዘዋል። ያ ሁሉ ገንዘብ የዳገት አግዳሚ ወንበር ገዛ።

ክረምቱ ሲገባ ጭቃው ጨመረ። አንድ ጠዋት እዚያው አሳረፋት፤ ትንፋሹ ግን አልሰበሰብ አለው። ቆይቶ ጀርባውን አዞረላት።

«ነይ እንሂድ።»

«ዛሬ እዚህ ይብቃኝ።»

«ምን ማለት ነው? ተራሽ እኮ ደርሷል።»

«አጥንትህን ሰምቼዋለሁ። ጀርባህ ላይ ሆኜ ሌላ ምን እሰማለሁ?»

«ወንድምሽን ልጥራ።»

«አትጥራ። ግባና መሪውን ያዝ። የገዛኸው ለኔ አይደል?»

ሊፍት ተቆጣ፣ ለመናት፣ ደግሞ ተቆጣ። ጎንበስ ብሎ ሊያነሳት ሞከረ፤ ወገቡ እንደጎበጠ ቀረ። እንደጎበጠ ዞሮ ገባና መሪውን ያዘ። ዝናብ ጣሪያው ላይ ይወርዳል። ጣሪያው ደህና ነው፤ አያፈስም። እሷ ራሷን ትከሻው ላይ ጣለች።

ከላይ የእጥበት ክፍሉ መስኮት ተከፈተ። ነርሷ ወደ ዳገቱ ብቅ ብላ ስሟን ጠራች። ሁለተኛ ጠራች። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞራ የሌላ ሰው ስም ስትጠራ ሁለቱም ሰሙ።