ጋሽ ተሰማ የራሳቸውን መርዶ ያነበቡበት ጧት

ለውድ አባቴ ለአቶ ከድር፣ ለእናቴ ለወይዘሮ ዘይነባ፣ ለታላቅ ወንድሜ ለጀማል፣ ለእህቴ ለሐያት፣ ለአጎቴ ለሱልጣንና ለመላው ቤተሰቡ... አሰላሙ ዐለይኩም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሐያት ይህን ገጽ በስልኳ ከፍታ ጮክ ብላ እንደምታነብላችሁ ስለማውቅ ሰላምታዬን አስቀደምኩ። ሌሎች ተከታታዮቼም ሰላምታው ይድረሳችሁ።

ነገሩ የገጠመኝ ባለፈው ማክሰኞ ጧት ነው።

ካዛንቺስ በስልክ ጥገና እንደምተዳደር ታውቃላችሁ። ኮድ መጻፍን ግን ማንም አላስተማረኝም፤ ከስልክ ላይ ለብቻዬ የለቀምኩት ነው። አዲስ የፕሮግራም ቋንቋ ወጣ ሲባል ልቤ አያርፍም። ፓይተንን ሳልጨርስ ጎ የሚባለውን ጀመርኩ፣ እሱንም ሳልጨርስ ወደ ረስት ዞርኩ። ረስት ጥብቅ ቋንቋ ነው፤ ኮዱ ውስጥ አንዲት ጉድለት ካየ ፕሮግራሙ እንዲነሳ አይፈቅድም። እኔም የወደድኩት ለዚሁ ነው... ፈሪ ሰው ጥብቅ ነገር ይወዳል።

ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ ከተበተነ ወዲህ የእድሩ ጥሩምባ ሰሚ አጥቷል። አንዱ አባል ጎተራ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሌላው ከከተማው ዳር። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ተሰማ ከጎተራ ስልካቸውን ሊያሠሩ መጥተው ኮድ ስጽፍ ቢያዩኝ፣ «በል እስቲ ጥሩምባችንን ስልክ ውስጥ አስገባልን» አሉኝ።

ሰው ሲያርፍ ለአባላቱ ሁሉ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም በረስት ሠራሁላቸው። ሠራሁ ስል... የመልእክቱን ቃል የሚያዘጋጀውን ክፍል የጻፈው ኮድ የሚጽፍ አዲስ የኤአይ መሣሪያ ነው። አዘዝኩት፣ በደቂቃ ጨረሰው፣ ረስትም ያለ አንዳች ተቃውሞ ተቀበለው። ረስት ከተቀበለው እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩት ሰው ምን አገኝበታለሁ ብዬ ሳላነበው ቀረሁ።

ማክሰኞ ጧት አንድ ሰዓት ላይ የእድሩ ጸሐፊ ደውለው አቶ በቀለ ተሰማ የተባሉ አባል ማረፋቸውን ነገሩኝ። ስማቸውንና የቀብሩን ሰዓት አስገባሁ፣ ላክሁ። ሱቁን ከፍቼ ሳልቀመጥ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ተሰማ ነበሩ።

«ሙራድ።»

«አቤት ጋሼ።»

«መቼ ነው የሞትኩት?»

«አቶ ተሰማ ስላረፉ ቀብራቸው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው ይላል መልእክትህ። ኧረ እኔ ቁርሴን አልጨረስኩም! ሰዉ ደረጃው ላይ እያለቀሰ ነው። ድንኳን ተካዮቹም መጥተዋል...» ከዚያ ፊታቸውን ከስልኩ አዙረው ሲጮኹ ሰማሁ፤ «አንቺ ሴትዮ፣ አለሁ እኮ ነው የምልሽ! በቃ ንኪኝ!»

ስልኩን ሳልዘጋ ኮዱን ከፈትኩት። መሣሪያው የወሰደው የፈረንጆቹን ልማድ ነው። እነሱ ሰውን ሲያከብሩ በመጨረሻው ስሙ ይጠሩታል። በእኛ ዘንድ ግን አቶ በቀለ ምንጊዜም አቶ በቀለ ናቸው፤ ተሰማ የአባታቸው ስም ነው። ያ ጥብቅ ቋንቋ አንዲት ነጥብ ብትጎድል የሚጮህ ሆኖ ሳለ፣ ሰውየው ማን ተብሎ እንደሚለቀስ ግን አያውቅም።

ይህን ስነግራቸው የጋሽ ተሰማ ድምፅ ቀልዱን ተወ። «አሁን በቀለ ቤት ማን አለ?»

ማንም አልነበረም። ሰዉ ሁሉ ጎተራ ነው።

ሱቁን ዘግቼ የአቶ በቀለ ቤት ወዳለበት ወደ ኡራኤል ሮጥኩ። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ከልጃቸው ጋር ባዶ ግቢ ውስጥ ተቀምጠዋል። በር በሩን ያያሉ።

«አርባ ዓመት የሰው ድንኳን ሲተክል ኖረ» አሉኝ፤ «እድራችን ረሳን እንዴ ልጄ?»

«አልረሳም እትዬ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ብዬ የሆነውን ነገርኳቸው። ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ከጎናቸው ያለውን አግዳሚ በእጃቸው መታ መታ አደረጉት።

«ታዲያ ምን ትቆማለህ? ተቀመጥ። ከመጣህ አንተም ለቀስተኛ ነህ።»

ተቀመጥኩ። ያን ያህል የረዘመ ጊዜ አላውቅም። አቶ በቀለን በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን እንኳ አላየኋቸውም ነበር፤ ሆኖም አለቀስኩ።

ረፋዱ ላይ ሁለት ሚኒባስ ከበሩ ቆመ። ጋሽ ተሰማ ለራሳቸው የመጣውን ለቀስተኛ በሙሉ፣ ድንኳኑንም ጭምር፣ ይዘው ከተፍ አሉ። አንዲት ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ እናት ከኋላቸው ያጉረመርማሉ።

«ለአንተ ያፈሰስኩትን እንባ ማን ይመልስልኛል?»

«አስቀምጪልኝ እታለም፣ አይቀርልኝም» አሉ ጋሽ ተሰማ። እናትየዋም ፊታቸውን አጥበው እንደገና ለማልቀስ ገቡ።

ከቀብር መልስ ጋሽ ተሰማ ትከሻዬን ያዙኝ። ይከለክሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «መሣሪያህን አትጣል» አሉኝ። «ግን ከእንግዲህ ከመላክህ በፊት ደውለህ ጮክ ብለህ አንብብልኝ። እኔ ማን እንደሞተ አላጣም።»

ሱቅ ተመልሼ ስህተቱን ከማረሜ በፊት፣ በትክክል የቱ ጋ እንደሚያበላሽ ለማየት ብዬ በሟች ቦታ የራሴን ስም አስገባሁ... ሙራድ ከድር። ማያው ላይ «የእድራችን አባል አቶ ከድር ስላረፉ» የሚል ወጣ።

ለምን እንደዚያ እንደጻፈ አውቃለሁ። የትኛው መስመር እንደሆነም አውቃለሁ። ወዲያው አርሜዋለሁ። ቢሆንም ከቤት ከወጣሁ ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ የአባቴንም ድምፅ ከሰማሁ ስንት ወር እንዳለፈ ቆጠርኩ።

አባቴ፣ ደህና ነዎት? ሐያት ይህን አንብባ እንደጨረሰች ዛሬውኑ መልስ ላኩልኝ፤ ቃሉን ግን እርስዎ ይናገሩ፣ እሷም እንዳለ ትጻፈው እንጂ ለመሣሪያ እንዳትሰጠው።