ሴናተር ሞራግና ሰፊው ወረቀት

አውስትራሊያ ውስጥ፣ ሴንት አልባንስ በሚባል ሰፈር በነበረው የሴናተር ሞራግ ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሴትየዋ ያሉት አንድም ቃል አልገባኝም። ስኮትላንድ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ «ር»ን ያንከባልሏታል። ስልክ አንሺ ሲሉኝ በር ከፈትኩ። ሳቁና ስማቸውን ብቻ እንድጠራ ነገሩኝ። በእንግሊዝኛ እሺ አልኩ፤ በአማርኛ ግን እስከ ዛሬ አንቱ ናቸው።

ሥራዬ ባለጉዳይ መቀበል፣ ደብዳቤ መመዝገብና ለሀገራችን ሰዎች ማስተርጎም ነበር።

አንድ ጠዋት ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ጋሼ ታደሰ መጡ። ያን ጊዜ የሴኔቱ ድምፅ መስጫ ወረቀት የጠረጴዛ ልብስ ያህል ነበር። ከላይ በአንድ ፓርቲ ሳጥን ላይ «1» ጽፈን እንወጣለን፤ የመረጥነው ካልገባ ድምፃችን ቀጥሎ ለማን እንደሚተላለፍ ቅደም ተከተሉን ፓርቲው ይሞላልናል።

«ልጄ፣ የመረጥኩት ሰው ካልገባ ድምፄ የት ይሄዳል?»

ፓርቲያቸው ያስመዘገበውን የቅደም ተከተል ዝርዝር አሳየኋቸው። ስሙን እንኳ ሰምተው ወደማያውቁት ፓርቲ ነበር የሚሄደው።

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» ብለው ጮኹ።

ሞራግ ጩኸቱን ሰምተው ወጡ። ተረጎምኩላቸው። ወንበር ስበው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። «እኔም የገባሁት በዚሁ መንገድ ነው፤ እኔን ብሎ የመረጠኝ ጥቂት ነው በያቸው» አሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ ሕጉን የሚቀይር ረቂቅ ቀረበ። መራጩ ራሱ ለሚፈልጋቸው ፓርቲዎች ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር እንዲሰጥ ነው። የሞራግ አማካሪ «ከደገፍሽው ወንበርሽ አለቀለት» አላቸው። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«ያንቺም ሥራ አብሮ ይሄዳል። ምን ትያለሽ?»

የቤት ኪራይ አለብኝ። «የጋሼ ታደሰን ጥያቄ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። አሁን አልሰማሁም ልበል?» አልኳቸው።

ሴኔቱ በረቂቁ ላይ ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ጋሼ ታደሰ ከረባት አስረው ቢሮ መጡ፤ አብረን በቴሌቪዥን አየን። ድምፅ ሲቆጠር ረቂቁን የሚደግፉ በአፈ ጉባኤው ቀኝ ይቀመጣሉ፤ የሚቃወሙ በግራ። ሞራግ ከወንበራቸው ተነሡ። ወደ ቀኝ! እኔ ጮኽኩ፤ ጋሼ ታደሰ ቆመው አጨበጨቡ። ሕጉ አለፈ።

ምርጫው ሲደርስ ከሆፐርስ ክሮሲንግ እስከ ዌስት ፉትስክሬይ እየዞርን አሞላሉን አስተማርን። እንደዚያ ሮጬ፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ሠርቼ አላውቅም። በምርጫው ዕለት ጋሼ ታደሰ ሰልፉን አቆሙት። «ቆዩ፣ አራተኛዬን እያሰብኩ ነው!»

ቆጠራው ሳምንታት ፈጀ። ሞራግ ተሸነፉ። የቢሮውን ዕቃ በካርቶን ስናሽግ ያፏጩ ነበር።

እኔም በኋላ ሌሎች ሁለት የፓርላማ አባላት ዘንድ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ለአዲስ ሠራተኞች የምለው ይህን ነው፦ ባለጉዳይ የጠየቀውን ሳታለዝቡ ለአለቃችሁ ንገሩ። መልሱ የአለቃችሁ ሥራ ነው።