ያልነበረችው ግመል

ግመሏን የፈጠርኳት እኔ ነኝ። ከፖርት ሱዳን ወደ ካርቱም ጭነት ይዤ ስመለስ፣ አትባራ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ተሳቢዬ ከአስፋልት ወጥቶ አሸዋ ላይ ተጋደመ። እኔ ሁለት ጥርስ ብቻ ከሰርኩ። ምን ነካህ ሲሉኝ «ግመል ገባችብኝ» አልኩ። እውነቱ ግን መሪውን እንደያዝኩ እንቅልፍ ወስዶኝ ነው። ሁለት ቀን ዓይኔን አልከደንኩም ነበር፤ ያንንም እንደ ጀግንነት ነበር የማወራው።

ውሸት አንዴ ከተጫነ ማራገፊያ የለውም። ግመሏ በዓመቱ ነጭ ሆነች፤ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ግልገል አስከተለች። በወለቁት ጥርሶቼ ክፍተት እያፏጨሁ ስተርካት ከሁሉም በላይ የሚስቀው የመኪናው ባለቤት ነበር።

አንድ ቀን ይኸው ባለቤት ካርቱም ውስጥ ሪያድ ሰፈር ካለው ቢሮው ጠራንና ማንሺያ ሰፈር ወደሚገኝ አዳራሽ በመኪናው ወሰደን። የሠራተኛ ሕጉ ሊሻሻል ነው፣ ሾፌሮችም አስተያየት ስጡ ተብሏል። በረቂቁ ላይ አንዲት አንቀጽ አለች፦ ረጅም መንገድ የነዳ ሾፌር ሳያርፍ እንዳይነዳ፣ አሠሪውም እንዳያስገድደው። እኔ የሄድኩት ለቀዝቃዛው ውሃ ነው ብል ይሻላል።

አጠገቤ የተቀመጠው ያገሬ ልጅ፣ አብሮኝ ቤት የተከራየው ሾፌር፣ ያን ዕለት ጠዋት ነበር ከወደብ የገባው። በማግስቱ ደግሞ ሊጭን ታዟል። ስብሰባው ሳይጋመስ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጣለ።

ባለቤቱ ተነሣ። «ኡስታዛ» አላት ረቂቁን የያዘችውን የሕግ ባለሙያ፣ «የኔ ሾፌሮች አይተኙም። የዚህ መንገድ ችግር እንስሳ ነው። ሕጉን ለግመል ባለቤቶች አውጡ! ምስክሬም ይኸው። ያ ዓም፣ አጎቴ፣ ተነሥና ንገራቸው፣ ያላ!»

ስነሣ የጓደኛዬ ራስ ተንሸራተተና ነቃ። «ግልገሏን እንዳትረሳ» አለኝ በሹክሹክታ።

ቀይ ዓይኑን አየሁት። እኔ ዝም ካልኩ ነገ በዚያ ዓይን ነው የሚነዳው።

«ግመል አልነበረችም» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ዕድሜዬን ሙሉ ስቀልድ ኖሬ ያን ቀን ማን ይመነኝ? ደገምኩት። አሁንም ሳቁ። ሦስተኛ ጊዜ «ተኝቼ ነበር! መንገዱ ላይ ነፍስ ያለው ነገር እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እኔም እያንኮራፋሁ ነበር» ስል ሳቁ ቆመ።

«ያ ዓም፣ ይህ ሲጻፍ ስምህ አብሮ ይገባል። ትፈርማለህ?» አለችኝ ኡስታዛ።

የመኖሪያ ፈቃዴ በባለቤቱ ስም ነው የሚታደሰው። ወደ እሱ ዞር አላልኩም። ፈረምኩ።

«ውሸታም ሽማግሌ!» አለኝ ባለቤቱ።

«እስከ ዛሬ ጠዋት፣ አዎ» አልኩት።

ወደ ቤት የመለሰን እግራችን ነው። በማግስቱ ግቢ ስንደርስ በሁለት መኪና ሰሊጥ ተጭኖ፣ ባለቤቱ ሁለት ቁልፍ ይዞ ቆሟል። ወደብ ላይ መርከብ ይጠብቀዋል፤ ሾፌር ደግሞ በአንድ ጀምበር አይገኝም።

«እሱ ዛሬ ይተኛል» አልኩት ጓደኛዬን እያሳየሁ። «እኔ እሄዳለሁ፣ ግን አትባራ ላይ አርፋለሁ።»

«ሕጉ እኮ አልወጣም!»

«ኢንሻላህ ይወጣል። እኔ ግን አርጅቻለሁ፣ እሱን ስጠብቅ ሌላ ጥርስ አላጣም።»

ሁለቱን ቁልፎች እጁ ላይ አቃጨለ። በመጨረሻ አንዱን ቁልፍ ወረወረልኝ፤ ሌላውን ኪሱ ከተተ።

አትባራ ስደርስ ከሻይ ቤቱ ጀርባ የገመድ አልጋ ላይ ተዘረጋሁ። ስልኬ ጮኸ፤ ባለቤቱ ነው።

«የት ደረስክ?»

«እንቅልፍ ጋ» አልኩትና ዘጋሁት።