ዳዊት በግምገማው አዳራሽ

በዚያ ዘመን ፍኖተ ሰላም ውስጥ ለሁሉም ነገር ኮሚቴ ነበረን። የጤና ኮሚቴ፣ የጸጥታ ኮሚቴ፣ የኮሚቴዎችን ሥራ የሚከታተል ሌላ ኮሚቴ። እኛ መምህራንም አንድ ለአምስት ተደራጅተን ስለነበር፣ አንዳችን ብናስነጥስ የቀሩት አራቱ ሪፖርት ያደርጉልን ነበር። እንዲህ በአሳቢ ተከብቦ የሚኖር ሰው ምን ያስፈራዋል? እኔ ግን ፈራሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስለ ትምህርት ጥራት ልንወያይ ክፍል ተዘግቶ ሳምንቱን ሙሉ ስብሰባ ተቀመጥን። መጨረሻ ላይ «አስተያየት ያለው?» ሲባል እጄን አወጣሁና «ስለ ጥራቱ በደንብ ተግባብተናል፤ ትምህርቱስ መቼ ይጀመራል?» አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢው ምክትል ርእሰ መምህሩ ነበር፤ እሱ አልሳቀም። ያለ መመሪያ የሚስቅ ሰው አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በር ላይ ጠብቃ «በሚመጣው ግምገማ ስምሽ ተይዟል» አለችኝ። ከእኔ ጋር መታየቱ ደግሞ ለእሷ ጥሩ ስላልነበር፣ ይህን ብላኝ በሌላ መንገድ ሄደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አለኝ። ተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ የምጽፈውን ማንበብ አቃታቸው። ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ ጨጓራ ነው ተባልኩ። በዚያን ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ጨጓራ ነበረበት።

አከራዬ ገበያ ላይ ጌሾ የሚሸጡ ባልቴት ናቸው። የሚልኩልኝ ምግብ እየተመለሰ ሲመጣባቸው ጊዜ አንድ ቀን ጠዋት ደጃፌ ላይ ቆሙ።

«ምነው ልጄ፣ ሰው ሞቶብሻል?»

«ኧረ አልሞተብኝም። ልገመገም ነው።»

«እሱ ሕመም ነው?»

«የባሰ ነው እማማ።»

«እንግዲያው ዳዊት ድገሚ» አሉኝ፣ ዳማከሴ አሽተሽ ጠጪ እንደሚል ሰው ቀለል አድርገው።

አባቴ የተወልኝ ዳዊት ሻንጣዬ ውስጥ ነበር። ያወጣሁት ጸጥ ያለ፣ ረጋ ያለ፣ የተባረከ ነገር አነባለሁ ብዬ ነው። ምን ይሆናል! ያገኘሁት ከእኔ የባሰ ስሞተኛ ሆነ። ንጉሥ ነው፣ ሠራዊት አለው፣ ግን አልጋውን በእንባ ያርሳል፣ አጥንቴ ታወከ ይላል፣ ወዳጆቼ ከዱኝ ይላል፣ ፈጣሪውን ደግሞ «እስከ መቼ ነው ዝም የምትለኝ?» እያለ ፊት ለፊት ይሟገተዋል። ይህን ሁሉ ሲናገር «የአመለካከት ችግር አለብህ» ያለው የለም። ግለ ሂስ አድርግ አልተባለም። አቤቱታው በቡድን መሪ በኩል ይምጣ አልተባለም። በቀጥታ ወደ ላይ ነው የሚጮኸው፤ ከዚያ ጩኸቱ መሀል ድንገት ድምፁ ይረጋል፣ የሚጠጋበት ያገኘ ሰው ይሆናል። እንዴት እንደሚረጋ አልገባኝም። ብቻ እየደጋገምኩ ሳነበው እኔም አብሬው መርጋት ጀመርኩ። ተማሪዎቼም ጽሑፌን ማንበብ ቻሉ።

የግምገማው ቀን ዳዊቱን በቦርሳዬ ይዤ ገባሁ። ተራዬ እስኪደርስ ጭኔ ላይ ገልጬ፣ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ አነባለሁ። ሰብሳቢው አየኝ።

«መምህርት፣ ምንድን ነው የምታነቢው?»

«ዳዊት ነው።»

«ለቤቱ ምስጢር ካልሆነ ጮክ ብለሽ አንብቢልን።»

ሊያሳፍረኝ ነው። ተነሣሁና ከደረስኩበት ቀጠልኩ። የደረስኩበት ደግሞ፣ የእግዜር ሥራ ሆኖ፣ አፋቸው እንደ ቅቤ ለስልሶ ልባቸው ጦርነት ስለሆነ ሰዎች ነበር። ከአምስታችን አንዱ፣ ስሜን ያስያዘው ሰው፣ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ሌሎች ደግሞ እሱን ማየት ጀመሩ።

«ይኸ አሁን ማንን ነው የሚመለከተው?» አለ ሰብሳቢው።

«እኔ እንጃ። ሲጻፍ ፍኖተ ሰላም አልተቆረቆረችም ነበር።»

ሳቅ ሊፈነዳ ሲል፣ ከኋላ የሒሳብ መምህራችን እጃቸውን አወጡ። የገበያ ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ፣ ሽበታም ሙስሊም ናቸው፤ በስብሰባ አይናገሩም። «ዳዊት ለእኛም ነቢይ ናቸው» አሉ ዝግ ብለው። «መጽሐፋቸውን ዘቡር እንለዋለን። ጥፋት ከሆነ እኔንም አብራችሁ መዝግቡኝ።» ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። ሁለት ሃይማኖት በአንድ ቃለ ጉባኤ ለመክሰስ መመሪያ አልመጣለትም መሰለኝ።

አልተባረርኩም። «አቅሜን እንዳጎለብት» ከቡሬ ወዲያ ገጠር ተዛወርኩ። የፈራሁት ነገር በመጨረሻ መጣ፤ በአይሱዙ፣ የበቆሎ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድኩበት። የተሰጠኝ መኖሪያ ክፍል የግድግዳው ጭቃ ተቦርቡሮ ውጪው ይታያል። በደረስኩበት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጣለና ቆርቆሮው አልጋዬን መርጦ ያፈስብኝ ጀመር። በልዑል ጥላ ሥር ስለሚያድር ሰው የሚናገረውን መዝሙር አውጥቼ፣ ጣሪያውን እያየሁ አነበብኩ። ጥላው የት እንዳለ በዓይኔ አላየሁም። መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ በሁኔታዬ ሳቅሁ፣ ከዚያ አልጋውን ወደ ደረቁ ጥግ ገፋሁና ተኛሁ። እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። ከዚህ ወዲያ ወዴት ሊያዛውሩኝ ይችላሉ? ወደዚያ መጽሐፍ ከገባሁ በኋላ ደግሞ የማያስለቅቁኝ ቤት እንዳለኝ አወቅሁ። ይህን የምለው በቀልድ አይደለም።

በሳምንቱ አንድ ገበሬ ልጁን ሊያስመዘግብ መጣ። ዙሪያዬን ሲያይ ቆየና «እንደው መምህር፣ ምን ቢያጠፉ ነው እኛ ዘንድ የላኩዎት?» አለኝ።

«ዳዊት ደገምሁ።»

አሰበበት። «ወይ ጉድ! የእኛን ቄስ እንግዲህ የት ሊጥሏቸው ነው?»

አብረን ሳቅን። ከዓመት በኋላ ወደ ከተማ መመለስ እንደምችል የሚገልጽ ደብዳቤ መጣልኝ። በዚያ ሰሞን ልጆቹ ማንበብ እየጀመሩ ነበር፤ ስብሰባ የሚጠራንም ሰው በዝናብ መንገድ አይደርስብንም። ደብዳቤውን ላመጣልኝ ሰው ጠላ ቀዳሁለትና፣ መንገዱ ሳይጨልምበት ብቻውን ሸኘሁት።