ወልድያን የያዘው ሳጥን

ሰሞኑን በደጃችን የኢንተርኔት ገመድ ሊቀብሩ ቦይ ይቆፍራሉ። አንዱ ወጣት ገመዱ ጫፍ ላይ ትንሽ መለኪያ ሰክቶ ሲጠብቅ ቆሜ አየሁት። ያን ዓይነት ትዕግሥት በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ደብረ ታቦር ስልክ ቤት፣ በሌላ ሰው ፊት ላይ አይቼው ነበር።

ፊደል የቆጠርሁት ካደግሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። የማታ ትምህርቴን ስጨርስ ስልክ ቤት ተቀጠርሁ። ሥራዬ መስመር ማገናኘት ቢሆንም ለወልድያ ማገናኘት ብቻ አይበቃም ነበር። ድምፁ ገሳይንና የጋይንትን ተራሮች አልፎ እስኪመጣ ይሳሳል፤ የሚለየው የለመደ ጆሮ ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ መሐል ሆኜ የሰማሁትን እደግማለሁ። ሰውየው "ደህና ነኝ" ካለ "ደህና ነኝ" እላለሁ እንጂ "ደህና ነው" አልልም።

ጠላ ሻጭዋ እትዬ ጥሩነሽ አንድያ ልጃቸው ደምስ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወልድያ አጠገብ ሰፍሮ ነበር። ሲደውል አፉ የምሆነው እኔ ነኝ።

"ቃሉንስ አደረስሽልኝ፤ ድምጡን የት ጣልሽው?" ይሉኛል። "አንች ልጅ፣ እኔ እኮ አንችን አልወለድሁም!"

ያን ክረምት ከአዲስ አበባ አንድ መሐንዲስ መጣ። ብዙ ንግግር ባንዴ የሚያሳልፍ ፈጣን መስመር ታስቦ፣ የአገሩ መስመር ሁሉ የሚሠራበት ደንብ ሊወጣ ነው። ከደንቡ በፊት ሽቦው ድምፅን ምን እንደሚያደርገው ማወቅ ያስፈልጋል አለኝ። ዝናቡን የመረጠው መስመሩ የሚብሰው ምሰሶው ሲርስ ስለሆነ ነው። ሲለካ ሰንብቶ የወልድያን መስመር የሚያስመስል፣ በሽቦ ጥቅልሎች የተሞላ ሳጥን ሠራ። በአንድ ጫፉ ስናገር፣ በሌላው ጫፍ ድምፄ ልክ ከወልድያ እንደሚመጣው ሳስቶ ወጣ። መሐሉ ላይ ማጉያ ሲያስገባ ደግሞ ጠራ።

እትዬ ጥሩነሽ ትኩስ ድንች በአዋዜ ይዘውልን መጡና ሳጥኑን ዞረው አዩት።

"ወልድያን እዚህ ከተታችኋት?"

"መንገዷን ነው፣ እማማ" አለ መሐንዲሱ።

"እንግዲያ ልጄንም አውጡልኛ!"

ሣቅን፤ እሳቸውም ሣቁ። ማጉያው ገሳይ ላይ ሲተከል የልጃቸውን ድምፅ በገዛ ጆሯቸው እንደሚሰሙ መሐንዲሱ ቃል ገባላቸው። ከዚያ በኋላ ደምስ ሲደውል የእኔን ድግግሞሽ እንቢ አሉ። "ማሽኑ ሲመጣ ራሱ ያናግረኝ በይው" አሉኝ። "እሺ፣ እጠብቃለሁ" አለ እሱም።

ማጉያው ተተከለ። ወልድያን ጠርቼላቸው ከመስመሩ ወጣሁ። እትዬ ጥሩነሽ መነጋገሪያውን በሁለት እጃቸው ይዘው "ደምስ!" አሉ።

የመለሰው ጓደኛው ነበር። ልጅ ነው፣ ማን እንደጠራው አላሰበም። "ደምስማ ተሠዋ እኮ" ሲል እኔ እንኳ ከወንበሬ ሰማሁት። ጥርት ብሎ።

በኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድ ተሰባስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ደጅ ላይ ቆሞ ነው። መሐል ብሆን ኖሮ መስመሩ ተቋረጠ ብዬ ጎረቤት እጠራ ነበር። እሳቸው ግን በጠራራ ቀን፣ ቆመው፣ ብቻቸውን ተረዱ።

መነጋገሪያውን ዘረጉልኝ። "አንች ስሚልኝ። አንች ነሽ የምታውቂው። ምን አለ?"

ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። ጓደኛው እያለቀሰ ነበር። የሰማሁትን ሁሉ ስደግም የኖርሁት ሴት፣ ያን ቀን ለመድገም አፌ እንቢ አለኝ። አቅፌያቸው ቆምሁ።

ዛሬ በደጃችን ያለው ወጣት መለኪያውን ነቅሎ "ምንም አይጠፋበትም፣ እናቴ" አለኝ በኩራት። ኩራቱ ይገባዋል፤ ጥሩ ሥራ ነው። እኔ ግን ስልክ በጠራ ቁጥር፣ እስከ ዛሬ፣ አንስቼ "ማን ልበል?" ከማለቴ በፊት ቤት ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው መኖሩን ዞር ብዬ አያለሁ።