ሪባን የሚጠብቁ ላፕቶፖች

ከሀዋሳ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። መናኸሪያ ድረስ የሸኙኝ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ኮምፒውተር የማስተምራቸው ልጆች ናቸው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ ማርታ የአውቶቡሱን መስኮት እየደበደበች፣ «ቲቸር፣ ኮምፒውተር ላኪልን!» አለችኝ። የነበረን አንድ አሮጌ ነው፤ እኔ ከወጣሁ በኋላ እሱም ሞተ።

እዚህ ሀምቡርግ አረጋውያን እንከባከባለሁ። ብርዱስ ይለመዳል፤ አጥንትም ጣዕምም የሌለው ዓሣቸው ግን የሐይቃችንን ለበላ ሰው አይለመድም። ከመሥሪያ ቤቴ ሊጣሉ የነበሩ ላፕቶፖች ለምኜ፣ አንድ እሁድ ኮሪደር ላይ ሳሽግ አከራዬ ብቅ አሉ።

«እሁድ እኮ ነው! ሩሄ!» ጸጥታ ማለታቸው ነው። እኛ ሰፈር እሁድ ጸጥ የሚለው የታመመ ሰው ነው። «ለማን ነው ይሄ ሁሉ?»

«አገሬ ላሉ ልጆች፤ ኮድ መጻፍ ለሚማሩ።»

«ምግብ አይቀድምም?»

«በልተው ነው የሚመጡት» አልኩ ጥርሴን ነክሼ።

ላፕቶፖቹ በሰላም ደረሱ፤ ጌታ ይመስገን። ግን ለልጆቹ እንዲያስረክብ የተረከባቸው የከተማው ትምህርት ቢሮ መጋዘን ከቶ ቆለፈባቸው። ኃላፊው ጋ ደወልኩ።

«እህቴ፣ ያለ ምረቃ እንዴት ይከፈታል? የክብር እንግዳው ስብሰባ ላይ ናቸው። ባነሩም እየታተመ ነው።»

«ጋሼ፣ ኮድ የሚማረው ባነሩ ነው?»

«ልጆች እንዳይነካኩት ብለን እኮ ነው።»

«እንዲነካኩት ነው የላክሁት!»

«ይነካሉ፤ በምረቃው ቀን፣ ካሜራ ፊት።»

ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ስልኩን ዘግቼ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። በልጆቻችን ላይ በሩን የሚዘጋው ፈረንጅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቁልፉ ለካ የኛው ሰው ኪስ ውስጥ ነው!

ልጆቹ እስኪከፈትላቸው ኮዱን ወረቀት ላይ ይጽፋሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ ያነቡልኛል፤ እኔ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ጽፌ የሆነውን እነግራቸዋለሁ። ብዙዎቹ ሰልችቷቸው ቀሩ። የማርታ እናትም «ወረቀት ላይ የሚሠራ ኮምፒውተር የት አገር አለ?» እያሉ፣ ይህን አስትተው ሱቃቸው እንድትሠራ ሊያስገቧት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ማርታ የጻፈችውን መስመር በመስመር አነበበችልኝ። ስክሪን ላይ ያለ ባጃጅ ቀይ መብራት ሲያይ እንዲቆም የሚያዝ ነው።

«ጥሶ ሄደ» አልኳት።

«እንደ እውነተኛው ባጃጅ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ አንድ መስመር አስቀየረችኝ።

«ማርታዬ፣ ቆመ! ቀጥ ብሎ ቆመ!»

«ለእማዬ ንገሪያት!»

እናቷ ስልኩን ተቀበሉ። «እትዬ፣ ልጅዎ ሠርታዋለች። በዓይኔ አየሁት» አልኳቸው።

«አንቺማ አየሽ፣ ልጄ። እሷ መቼ አየችው? በቃ፣ ከሰኞ ጀምሮ ሱቅ ትገባለች።»

 ባጃጁ ቀይ መብራቱ ፊት እንደቆመ ነው፤ እስካሁን አልዘጋሁትም።